አራት ምክር ቤቶች ቢስማሙ

ከደሴ ተነሥቶ ሀረጎን እየተጠማዘዘ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ዳርና ዳር ሁለት መንግሥታት ግብር ይሰበስባሉ። ደሴ ፒያሳ ላይ በራሱ ስም ፈቃድ አውጥቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ የትርፍ ግብሩ የአማራ ክልል ነው። ጎረቤቱ ከወንድሙ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋመ ግን የማኅበሩ ግብር የክልሉና የፌዴራል መንግሥቱ የጋራ ገቢ ይሆናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር ከደመወዙ የሚቆረጠው የሥራ ግብር ለፌዴራል ይገባል፤ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምረው ሚስቱ የምትከፍለው ደግሞ ለክልሉ። ቁልቁል ኮምቦልቻ ስንደርስም እንደዚያው ነው። በሐምሌ 2009 በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ወጣት ቀጣሪዋ የግል ድርጅት ስለሆነ የሥራ ግብሯ የክልሉ ነው። በደረቅ ወደቡ በኩል በሚገባው ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ፣ ቀረጡን የሚተምነው የጉምሩክ ሠራተኛ ከሚከፍለው ግብር ጋር፣ የፌዴራል ነው።

ማን ከማን ይሰብስብ የሚለውን የወሰኑት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96፣ 97 እና 98 ናቸው። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ይህ ሰነድ በክፍሌ ወዳጆ ሰብሳቢነት በተመራ ኮሚሽን ተረቅቆ፣ በነጋሶ ጊዳዳ በተመራ ጉባኤ ላይ ድምፅ ተሰጥቶበት የወጣ ነው። ሰው የጻፈውን ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው «ማሻሻያውን ማን ይጀምረዋል?» የሚል ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን በዝቷል፣ ገቢው ከብዷል፣ በክልሉ ጉዳይ ገብቷል ብሎ የሚያምን ክልል፣ ያንኑ የፌዴራል መንግሥት ደጅ ሳይጠና የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል ወይ?

ይችላል። ይህን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። የወሎ ሰው ስለ መንግሥት ሲያወራ አዘውትሮ የሚላት ነገር አለች፦ «ከላይ የመጣ ነው።» መሬት ሲወሰድ ከላይ የመጣ ነው፤ መዋቅር ሲቀየርም ከላይ የመጣ ነው። አንቀጽ 104 ከታች ወደ ላይ የሚሄድ መንገድ መኖሩን በግልጽ ጽፎ ሳለ፣ ይህን መንገድ የሚያስተምር መምህርም፣ የሚያነሣ የምክር ቤት አባልም ማጣታችን ያሳዝነኛል።

አንቀጹ የሚለው እንዲህ ነው። የማሻሻያ ሐሳብ በሦስት አቅጣጫ ሊመነጭ ይችላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፈው፣ ወይም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፈው፣ ወይም ከፌዴሬሽኑ አባል ክልሎች ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ሲደግፉት። ሦስተኛው መንገድ አዲስ አበባን ፈጽሞ አይነካም። የሚጠይቀውም ልዩ ድምፅ ሳይሆን ተራውን አብላጫ ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። ሁሉም አባላት ቢገኙ 148 እጆች በባሕር ዳር አዳራሽ ከወጡ የክልሉ ድርሻ ተፈጸመ ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ክልሎች ዘጠኝ ስለነበሩ አንድ ሦስተኛው ሦስት ነበር። ሲዳማ በሰኔ 2012 አሥረኛ ሆነ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ተከተለ። በነሐሴ 2015 ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሲመሠረቱ የቀድሞው የደቡብ ክልል ከስሞ ቁጥሩ 12 ላይ ቆመ። ስለዚህ ዛሬ አራት ክልሎች ያስፈልጋሉ። ለማጽደቅ ደግሞ ስድስት የነበረው ስምንት ሆኗል። አንድ ልብ ያልተባለ ነገር አለ፤ የክልሎቹን ስም አንድ በአንድ የሚዘረዝረው አንቀጽ 47 ዛሬም የሚቆጥረው ዘጠኙን ብቻ ነው። የማሻሻያውን ስሌት የሚቀይር ይህን ያህል ለውጥ በአገሪቱ ሲደረግ የሰነዱ ጽሑፍ አልተነካም።

እዚህ ላይ የአሜሪካንን ታሪክ ማምጣት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ክልል የፌዴራልን ሥልጣን ለመገደብ ማሻሻያ የሚጠይቅበትን ሐሳብ መጀመሪያ በጽሑፍ ያሰፈሩት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1787 ክረምት ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰቡት ተወካዮች ሥራቸውን ሊጨርሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን አንድ ተቃውሞ አነሣ። ረቂቁ የማሻሻያውን ቁልፍ ሁሉ ለኮንግረሱ ሰጥቷል፤ ጨቋኙ ራሱ ኮንግረሱ ቢሆንስ ሕዝቡ በየት በኩል ማሻሻያ ያገኛል? የሚል ነበር። ተወካዮቹ ተቀበሉት። በአንቀጽ 5 ላይም ከግዛቶች ሁለት ሦስተኛው ሲጠይቁ ኮንግረሱ የማሻሻያ ሐሳብ የሚያቀርብ ጉባኤ የመጥራት ግዴታ እንዳለበት ተጻፈ። ጉባኤው ያወጣው ሐሳብ በሦስት አራተኛው ግዛቶች ሲጸድቅ ሕግ ይሆናል። ዛሬ 50 ግዛቶች ስላሉ ለመጥራት 34፣ ለማጽደቅ 38 ያስፈልጋል።

ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሆነው ዘመን ይህ ጉባኤ አንድም ጊዜ አልተጠራም። እስካሁን የጸደቁት 27 ማሻሻያዎች በሙሉ ከኮንግረስ የመነጩ ናቸው። መንገዱ ግን አልታጠረም፤ የግዛት ምክር ቤቶች ዘወትር ያንኳኳሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሴኔት አባላት በሕዝብ ቀጥተኛ ምርጫ ይመረጡ የሚሉ ግዛቶች ጥያቄያቸውን እየደራረቡ ወደሚፈለገው ቁጥር ሲጠጉ፣ ለዓመታት እምቢ ሲል የኖረው ሴኔት ጉባኤ ከሚጠራ ራሱ ማሻሻያውን ማቅረብ መረጠ። 17ኛው ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1913 ጸደቀ። የፌዴራል መንግሥቱ ከገቢው በላይ እንዳያወጣ የሚያስገድድ ማሻሻያ የጠየቁት ግዛቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ 32 ደርሰው በሁለት ግዛት ቀረባቸው። አሁን ያለው እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ2014 በጆርጂያ ምክር ቤት ውሳኔ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ደቡብ ካሮላይና ሲጨመር 19 ግዛት አፍርቷል። ጥያቄው ሦስት ነው፦ የፌዴራሉ ወጪ ይገደብ፣ ሥልጣኑ ይጥበብ፣ ባለሥልጣናቱ የሚቆዩበት ዘመን ይወሰን።

ተቃዋሚዎቹም የዋዛ አይደሉም። ከሁለቱም ፓርቲዎች ወገን የሆኑ ሰዎች የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ጉባኤው አንዴ ከተቀመጠ ማን ይገድበዋል? የ1787ቱ ጉባኤ ራሱ የቀድሞውን የኮንፌዴሬሽን ውል እንዲያሻሽል ተጠርቶ አዲስ ሕገ መንግሥት ጽፎ ነው የተነሣው። ተወካዮች እንዴት ይመረጣሉ? እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ አለው ወይስ በሕዝቡ ብዛት? አጀንዳው ይገደባል ወይ? አንቀጽ 5 ለአንዱም መልስ የለውም።

ወደ እኛ እንመለስ። የእኛ አንቀጽ ለመጀመር ከአሜሪካው ይቀላል። እነሱ ሁለት ሦስተኛ ሲጠይቁ እኛ አንድ ሦስተኛ ይበቃናል። ለመጨረስ ግን የእኛው ይከብዳል፤ ልዩነቱም መሠረታዊ ነው። በአሜሪካ ግዛቶቹ ጀምረው ግዛቶቹ ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ኮንግረሱ ጉባኤውን ከመጥራትና የማጽደቂያውን ዘዴ ከመምረጥ ያለፈ ድምፅ የለውም። በእኛ አንቀጽ 105 ግን የፌዴራሉ ሁለት ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላጸደቁት፣ ስምንት ክልሎች ቢደግፉትም ማሻሻያ አይወለድም። ሥልጣኑ እንዲቀነስ የሚጠየቀው አካል ራሱ በመቀነሱ ላይ ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው። ጆርጅ ሜሰን የፈራው ይህንኑ ነበር።

ሌላም እርከን አለ። ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለው የመብቶች ምዕራፍ፣ እንዲሁም አንቀጽ 104 እና 105 ራሳቸው፣ የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች ሲስማሙ፣ ከዚያም ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ሲያጸድቁ ነው። በአገራችን በጣም የሚያከራክሩት አንቀጾች እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። የመገንጠል መብትን የያዘው አንቀጽ 39 እዚህ አለ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው አንቀጽ 40ም እዚሁ ነው። 11 ክልሎች ቢስማሙ እንኳ 36 አባላት ያሉት የሐረሪ ምክር ቤት ብቻውን ሊያስቆመው ይችላል። ስለዚህ በየስብሰባው «አንቀጽ 39 ይሰረዝ» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚከራከር ሰው፣ ከሕገ መንግሥቱ ሁሉ አስቸጋሪውን ቦታ መርጦ እየታገለ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። የሥልጣን ክፍፍሉ (አንቀጽ 51 እና 52)፣ የግብር ክፍፍሉ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ (አንቀጽ 93) ግን ከዚያ ምዕራፍ ውጭ ናቸው። ለእነዚህ ስምንት ክልልና የጋራ ስብሰባው ይበቃሉ።

ታዲያ ለምን አራት ክልሎች ተሰባስበው ያቀረቡት የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ እስከዛሬ አላየንም?

እኔ የማምንበት ምክንያት ጽሑፉ ውስጥ የለም። ሕገ መንግሥቱ በሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ በአብዛኛው ዘመን የክልል ምክር ቤቶቹን የያዙት አንድ ግንባር፣ አጋሮቹና በኋላም ግንባሩን የተካው ፓርቲ ነበሩ። ክልል ከፌዴራል ጋር ሲለያይ ልዩነቱ የሚፈታው በፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስብሰባ ነው፤ የምክር ቤት መድረክ ላይ ሲወጣ ጉዳዩ አልቋል። እጅ ማውጣት ሥነ ሥርዓት ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ አሠራር ሠላሳ ዓመት ሲቆይ የምክር ቤት አባሉ ሥልጣን እንዳለውም ይረሳል።

አሠራሩ ያመጣውን ጣጣ ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። አንቀጽ 98 መጀመሪያ ሲጻፍ የጋራ ግብሮችን ሁለቱ መንግሥታት በጋራ ይጥላሉ፣ በጋራ ይሰበስባሉ ይል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የፌዴራል መንግሥቱ ብቻውን ጥሎና ሰብስቦ ለክልሎች እንዲያካፍል ተደርጎ ተሻሻለ ይባላል። ማሻሻያው ግን በነጋሪት ጋዜጣ አልታተመም። የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል በሚለው በአንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ተደረገ የሚባለው ለውጥም እንዲሁ። እንግዲህ ደሴ ላይ ሕገ መንግሥቱን ከመጻሕፍት መደብር የገዛ ዜጋ የሚያነበው አንድ፣ መንግሥት የሚሠራበት ሌላ ነው። ይህ የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታለፍ የለበትም። የፌዴራል ድጎማ በጀት ቀመር ያለ ሕዝብ ብዛት አይሠራም። በ1999 በተደረገው ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ ማነሱ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። ስንት እንደሆንን በትክክል ሳይታወቅ ድርሻችን እየተሰላ ነው።

ለክልሎች የሚበጅ ለውጥ አልተደረገም ማለቴ ግን አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2012 የጋራ ገቢዎችን ማከፋፈያ ቀመር ሲቀይር፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ የክልሎች ድርሻ ከ30 በመቶ ወደ 50 በመቶ አድጓል። ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ቀመር ነው፤ የሰጠው ምክር ቤት ነገ ሊቀይረው ይችላል። ሕገ መንግሥት ውስጥ የተጻፈ ድርሻ እንዲህ አይነሣም።

በዚያው በ2012 ሌላ አጋጣሚ አለፈ። ኮሮና ምርጫውን ሲያስተጓጉል መንግሥት በጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣቸው አራት አማራጮች አንዱ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነበር። የተመረጠው ትርጉም ሆነ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን 2012 የምክር ቤቶቹን ዘመን አራዘመ። ትግራይ አልቀበልም ብሎ ጳጉሜን 4 የራሱን ምርጫ አካሄደ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን እንዳልተደረገ ቆጠረው፤ ለክልሉ መንግሥት የሚላከው በጀትም ተቋረጠ። ሁለቱም ወገን አንቀጽ እየጠቀሰ ተከራከረ፤ ሁለቱም በ104 በኩል የሚሄደውን ረጅም መንገድ አልሞከረም። በጥቅምት 2013 ጦርነት ተጀመረ። የጦርነቱ መንስኤ አንድ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን በክልልና በፌዴራል መካከል ያለ ጠብ የሚሟገትበት ሕጋዊ መድረክ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ደሴና ኮምቦልቻ በራሳቸው ላይ አይተውታል። በጥቅምት 2014 ከተሞቹ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ። እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ድረስ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካው ተዘረፈ፤ ሕዝቡ ተፈናቀለ፣ ሰው ሞተ።

ከዚያም መጋቢት 28 ቀን 2015 የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በአማራ ክልል በበርካታ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ልዩ ኃይል የሚባል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ አንቀጽ 52 ለክልል የሚሰጠው ፖሊስ ብቻ ነው። ስለዚህ በሕግ ዓይን የፌዴራሉ ክርክር ደካማ አልነበረም። ግን ክልሎች ለዓመታት ሲያሠለጥኑት የነበረውን ኃይል በተመለከተ፣ ክልሎች የጸጥታ ሥልጣናቸው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ምክር ቤቶቻቸው በግልጽ ተከራክረውበት፣ ካስፈለገም ማሻሻያ ጠይቀውበት ቢሆን ኖሮ፣ ውሳኔው እንደ ድንገተኛ ነገር ባልወረደ ነበር። ነገሩ ተባብሶም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ክልሉ ራሱ ባቀረበው ጥያቄ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ክልል ከተፈጥሮ አደጋና ከወረርሽኝ በስተቀር በራሱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ አይችልም፤ ይህም በአንቀጽ 93 የተጻፈ ገደብ ነው።

የወሎ ሰው የማዕከሉን ሥልጣን በሁለት ዓይን ቢያየው አይፈረድበትም። በ1965 እና 66 ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ አዲስ አበባ ዝም አለች፤ ነገሩን አደባባይ ያወጡት ፎቶግራፍ ይዘው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ በኋላም የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነበሩ። የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ በጀት፣ የመናገር ሥልጣን ያለው ወሎ ቢኖር ያ ዝምታ ያን ያህል ባልዘለቀ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ2014 ደግሞ ያው ሕዝብ የአገር መከላከያ ሠራዊትን በጭንቀት ጠበቀ። ስለዚህ እኔ የምሟገተው ፌዴራሉ ይድከም ብዬ አይደለም። የሥልጣኑ ልክ የት ላይ እንደሚያልቅ ክልሎች በጽሑፍ ሊጠይቁ የሚችሉበት መንገድ ሥራ ላይ ይዋል ነው የምለው።

ለዚህ የሚጎድለን ነገር በዋናነት የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 104 አራት ክልሎች የደገፉት ሐሳብ ለመላው ሕዝብና ለሚመለከታቸው ወገኖች ለውይይትና ለውሳኔ ይቀርባል ይላል። እዚያው ያቆማል። የአራቱ ክልሎች ጽሑፍ ቃል በቃል አንድ መሆን አለበት? አንዱ ምክር ቤት ዘንድሮ፣ ሌላው ከሦስት ዓመት በኋላ ቢደግፉት ይደመራል? ሐሳቡን ማን ይቀበላል፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነው? የሕዝብ ውሳኔ ሲባል ድምፀ ውሳኔ ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ? በምን ያህል ጊዜ? ዳኛ ያልተሰየመለት ችሎት የተቀጠረ ይመስላል። በታኅሣሥ 2014 በአዋጅ 1265 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሕገ መንግሥቱን የሚነኩ አጀንዳዎች እንደሚመጡለት ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። የምክክሩ ውጤት ምንም ይሁን ምን ግን ወደ ጽሑፍ ለውጥ ሲመጣ በ104 እና በ105 በኩል ማለፉ አይቀርም። መንገዱን ዛሬ ካላስተካከልን ምክክሩ ራሱ እዚያ ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከትልቁ ጥያቄ መጀመር የለበትም። ከ98 ቢጀምር እመርጣለሁ። ጽሑፉና አሠራሩ አንድ እንዲሆኑ፣ የክልሎች ድርሻም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ዝቅተኛ ወለል እንዲበጅለት የሚጠይቅ የአንድ ገጽ ሐሳብ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የተመረጡ የክልል ምክር ቤት አባላት ይህን ሐሳብ ባሕር ዳር ላይ ለማቅረብ ከማንም የተሻለ ምሳሌ በእጃቸው አለ፤ የፓርኩን ማሽንና የደረቅ ወደቡን ኮንቴይነር ዕለት ዕለት ያዩታል። ሌሎች ሦስት ክልሎች ማግኘትም የሚያስቸግር አይመስለኝም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መሥመር የሚያቋርጠው አፋርንም አማራንም ነው፤ የፌዴራል ፕሮጀክት በመሬቱ ላይ አርፎ ገቢው የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ክልል አማራ ብቻ አይደለም። የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓትን የሚወስነው አዋጅ 1231/2013 የፌዴራልና የክልል ሕግ አውጪዎች የሚገናኙበትን መድረክ አቋቁሟል። አንድ አፈ ጉባኤ በዚያ መድረክ ላይ የአንድ ገጹን ሐሳብ ለሦስት ባልደረቦቹ ለመስጠት የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።